አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ፤ የክሪስቲያን ሃይገንስ ሕይወትና የመጨረሻ መጽሐፉ



እንደ ልማዳችን ዘንድሮም በዓመታዊ መጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። የመረጥነው ሰው የአገራችን ተወላጅ አይደለም፤ ሙያውም የሒሳብና የከዋክብት ምርምር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከዕድር ጋር ምን አገናኘው የሚለን አባል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያነበበ ግን ግንኙነቱን ራሱ ያገኘዋል ብለን እናምናለን።

ነገሩን ያስነሣን በሰፈራችን የሆነ ጉዳይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ብዙ ዘመን በመምህርነት ያገለገሉ አንድ አዛውንት አባላችን ዐረፉ። ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ቀብረን ሠልስቱን አወጣን። እሳቸው በሕይወት ሳሉ የሰፈሩን የጥንት ታሪክ በደብተር ይጽፉ እንደ ነበር ብዙዎቻችን እናውቅ ነበርና፣ አርባቸው ከወጣ በኋላ ደብተሩን ብናፈላልግ ግማሹ የከሰል ማቀጣጠያ፣ ግማሹ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ ቆየን። በቤተሰቡ ለመፍረድ አይደለም፤ ሰውየው ለማንም አልነገሩም፣ ቤተሰቡም አላወቀም። በቃ፣ የስንት ዓመት ድካም እንዲሁ ቀረ። ክሪስቲያን ሃይገንስን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሃይገንስ ከምድር ውጭ ባሉ ዓለማት ሕይወት ያለው ፍጡር ይኖር ይሆን ወይ የሚለውን ጥያቄ በሊቃውንት ወግ መርምረው መጽሐፍ ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ግን ጸሐፊው በሕይወት አልነበረም፤ አሳትምልኝ ብሎ አደራ የሰጠው ወንድሙም አልነበረም። የሁለት ሙታን አደራ እንዴት ለሕያዋን እንደ ደረሰ ነው የምንነግራችሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ትውልዱና አስተዳደጉ

ሃይገንስ በሆላንድ አገር፣ ሄግ በተባለች ከተማ፣ አፕሪል 14 ቀን 1629 ተወለደ። በእኛ አገር አፄ ሱስንዮስ የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። አባቱ ኮንስታንታይን ሃይገንስ ባለቅኔ፣ ሙዚቃ ዐዋቂና የአገሩ መሳፍንት ጸሐፊ ስለ ነበረ ቤቱ ከሊቃውንትና ከመኳንንት እንግዳ ተለይቶ አያውቅም። ዴካርት የተባለው ስመ ጥር ፈላስፋም ከቤቱ ወዳጆች አንዱ ነበር። እናቱ ሱዛና በ1637 ስትሞት ክሪስቲያን ገና የ8 ዓመት ልጅ ነበር። አባት አራት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ይዞ ቀረ፤ መምህራን ቤቱ ድረስ እያስመጣም ላቲኑን፣ ሒሳቡን፣ ሙዚቃውን አስተማራቸው።

ከልጆቹ መካከል የአባቱን ስም የወረሰው ታላቁ ኮንስታንታይንና ተከታዩ ክሪስቲያን እጅግ የተቀራረቡ ነበሩ። በ1645 አብረው ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕግ አጠኑ፤ የክሪስቲያን ልብ ግን ከሒሳቡ ላይ ነበር። ኋላም ሁለቱ ወንድማማቾች የቴሌስኮፕ መስተዋት በእጃቸው መሥራት ጀመሩ። ይህን ያደረጉት ገንዘብ አጥተው አይደለም፤ የሚፈልጉትን ያህል ጥራት ያለው በገበያ ስላልነበረ ነው። ሥራው ጨራሽ ነው። መስተዋቱን እየሞረዱ፣ እየፈተጉ፣ እያለሰለሱ ብዙ ሰዓት ይደክማሉ፤ ፊቱ ጥቂት ከተዛባ ኮከቡ ይደበዝዛልና እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው።

ማርች 25 ቀን 1655 ክሪስቲያን በዚሁ ራሳቸው በሠሩት መሣሪያ ሳተርን ወደ ተባለችው ፕላኔት ሲመለከት አጠገቧ አንዲት ትንሽ ብርሃን አየ። በየሌሊቱ ቢከታተላት በ16 ቀን ገደማ ሳተርንን ትዞራለች። ለካስ የሳተርን ጨረቃ ኖራለች! ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ታይታን የሚል ስም ወጣላት። ይቺን ታይታን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በመጨረሻው እንመለስባታለንና።

በፊደል የተቈለፈ ምስጢር

በዚያ ዘመን የሊቃውንት መጽሔት የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲያገኝ ለወዳጆቹ በደብዳቤ ይጽፋል፣ ወይም ትንሽ መጽሐፍ ያሳትማል። ችግሩ ግን ቶሎ ቢናገር ምናልባት ተሳስቶ መሳቂያ ይሆናል፤ ዝም ቢል ደግሞ ሌላው ይቀድመዋል። መላው ምን መሰላችሁ? ያገኘውን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፍና ፊደሎቹን በታትኖ፣ ማንም እንዳያነባቸው አድርጎ ይልካል። ጊዜው ሲደርስ ፊደሎቹን መልሶ ይገጣጥማቸዋል። ከቅኔው ሰምና ወርቅ የባሰ ነው፤ ቅኔው ቢያንስ ሰሙ ይነበባል።

ሃይገንስም ታይታንን ያስታወቀው በዚህ ዘዴ ነበር። ጋሊሌዮን ጭምር ግራ ያጋባው የሳተርን ቅርጽ ምሥጢር በተገለጠለት ጊዜ ደግሞ በ1656 ፊደሎቹን በተራ ቈጥሮ፣ ይህ ፊደል ይህን ያህል፣ ያኛው ይህን ያህል ብሎ አሳተመ። ሦስት ዓመት ያህል በቴሌስኮፑ ካጣራ በኋላ በ1659 ፍቺውን በመጽሐፍ አወጣ፤ ሳተርንን የሚከባት፣ የትም የማይነካት፣ ስስ ጠፍጣፋ ቀለበት አለ ማለት ነበር። እንግዲህ የሰውየውን ጠባይ ከዚህ ማየት ይቻላል። እርግጠኛ ሳይሆን አይናገርም፤ ግምት ከሆነም ግምት ነው ብሎ ይናገራል።

በ1656 በፔንዱለም የሚሠራውን ሰዓት ፈለሰፈ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዓቶች በቀን እስከ 15 ደቂቃ ሲስቱ የእሱ ስሕተት ወደ 15 ሰኮንድ ገደማ ወረደ። በ1657 ደግሞ የዕድል ጨዋታን በሒሳብ የሚመረምር አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ ስለ ዕድል ስሌት ከታተሙት ጽሑፎች የመጀመሪያው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ለዕድር ሰው የሚጥም አንድ ነገር አለ። ጆን ግራንት የተባለ የለንደን ነጋዴ ስለ ከተማው ሙታን ቍጥር በ1662 አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በእሱ ግምት ከተወለዱ 100 ሕፃናት 6 ዓመት የሚሞላቸው 64ቱ፣ 16 ዓመት የሚሞላቸው 40ዎቹ ብቻ ነበሩ። በ1669 ክሪስቲያንና ታናሽ ወንድሙ ሎደዋይክ በዚህ ቍጥር ላይ ደብዳቤ ይጻጻፉ ጀመር። ሎደዋይክ የሁሉንም ዕድሜ ደምሮ ሲያካፍል አማካዩ 18 ዓመት ገደማ መጣለት። ክሪስቲያን ግን ሌላ ነገር አስተዋለ፤ አማካዩ 18 ቢሆንም ግማሾቹ 12 ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ ሁለቱ ስሌት የተለያየ ጥያቄ መልስ ነው፣ አንዱን በሌላው ቦታ ማግባት አይገባም አለ። የዛሬው የሕይወት መድን ሒሳብ፣ እኛም መዋጮ ስንተምን የምንጨነቅበት ጉዳይ፣ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ከደብዳቤው አልወጣም፤ በሕይወታቸው ሳሉ አልታተመም።

በፓሪስ

በ1665 ሁለት የሊቃውንት መጽሔቶች፣ አንዱ በፓሪስ በጃንዋሪ፣ ሌላው በለንደን በማርች፣ መውጣት ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ፊደል መበታተኑ እየቀረ፣ ግኝትን ቀንና ስም ጽፎ በአደባባይ ማስመዝገብ ልማድ ሆነ። በዓመቱ በ1666 ሃይገንስ በፈረንሳይ ንጉሥ በ14ኛው ሉዊ በተቋቋመው የሳይንስ አካዳሚ እንዲሠራ ተጠርቶ ፓሪስ ገባ። ደመወዙ የላቀ፣ መኖሪያው በንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሆኖም ጤና አልነበረውም። በ1670 ክፉኛ ታሞ የሚሞት ሲመስለው በእንግሊዝ ኤምባሲ የሚሠራ ቬርነን የተባለ ሰው አስጠርቶ፣ ያልታተሙ ጽሑፎቹን ለለንደኑ የሊቃውንት ማኅበር እንዲያደርስለት አደራ አለው። ሞቱ አልደረሰም ነበርና ዳነ። ግን እዩ፣ ያን ጊዜ የ41 ዓመት ሰው እንኳ አልነበረም፤ የሞት ጥላ ሲያጠላበት መጀመሪያ ያሰበው ወረቀቱን ነው።

እውነቱን ለመናገር ሃይገንስ ማሳተም ላይ ቀርፋፋ ነበር። ስለ ፔንዱለም ያገኘውን ትልቅ ነገር 14 ዓመት ያህል አቆይቶ በ1673 አወጣው። ብርሃን እንደ ማዕበል ይጓዛል የሚለውን ድርሳን በ1678 ጨርሶ ያሳተመው በ1690 ነው። አካላት ሲጋጩ የሚሆነውን ያጠናበት ጽሑፍ ደግሞ እሱ ከሞተ በኋላ በ1703 ወጣ። ይህ መዘግየት ዋጋ አስከፍሎታል። በ1675 በጥቅል ሽቦ የሚሠራውን የኪስ ሰዓት በፓሪሱ መጽሔት ሲያስታውቅ፣ ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ እኔ ቀድሜ ዐውቄው ነበር ብሎ ተነሣና ትልቅ ጠብ ሆነ።

በ1681 ሕመሙ ሲብስበት ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲሻለኝ እመለሳለሁ ብሎ ነበር፤ ግን የደገፈው ሚኒስትር ኮልቤር በ1683 ሞተ፣ በ1685 ደግሞ የፈረንሳይ ንጉሥ ለፕሮቴስታንቶች ተሰጥቶ የነበረውን የሃይማኖት ነፃነት ሻረው። ሃይገንስ ፕሮቴስታንት ነበር። መንገዱ ተዘጋ። በ1687 አባቱ በ90 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። ወንድሙ ኮንስታንታይን በበኩሉ በ1689 የእንግሊዝን ዘውድ ለጫነው ለኦሬንጁ መስፍን ለዊልያም ጸሐፊ ነበርና ለንደንና ሄግ እየተመላለሰ ፋታ አጣ። ሃይገንስ ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። አባቱ ባሠራው፣ ዙሪያውን ውሃ በከበበው የገጠር ቤት ብቻውን ሆኖ ጻፈ።

የመጨረሻው መጽሐፍ

የመጨረሻውን መጽሐፍ በላቲን ሲጽፈው ለዚያው መስተዋት አብሮት ይፍቅ ለነበረው ወንድሙ እንደሚናገር አድርጎ ነው። ስሙን ኮስሞቴዎሮስ አለው፤ ዓለማትን ተመልካች እንደ ማለት ነው። አካሄዱ ቀላል ነው። ምድር እንደ ሌሎቹ ፀሐይን የምትዞር አንዲት ፕላኔት ከሆነች፣ ሌሎቹስ እንደ ምድር የማይሆኑበት ምክንያት ምንድን ነው? ድንጋይና አፈር ብቻ ሆነው ለምን ይቀራሉ? ውሃ፣ ተክል፣ እንስሳ፣ በመጨረሻም ሰማይን አይቶ የሚደነቅ አእምሮ ያለው ፍጡር ቢኖርባቸው ለአእምሮ የቀረበ ነው ይላል። ፍጡራኑ ሒሳብ፣ ሙዚቃ፣ ቤት፣ ማኅበር ሳይኖራቸው አይቀርም ብሎም ይገምታል።

ይህን መናገር በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ጆርዳኖ ብሩኖ በ1600 ሮም ላይ በእሳት ሲቃጠል ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ ዓለማት ብዙ ናቸው ማለቱ ነበር። ጋሊሌዮ በ1633 ምድር ትዞራለች በማለቱ ተፈርዶበታል። ሆላንድ ለአሳታሚ የተሻለ ነፃነት የነበረባት አገር ብትሆንም ሃይገንስ ተጠንቅቆ ነበር። መጻሕፍት ቅዱሳት ፈጣሪ የሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ አልቈጠሩም፤ ስለዚህ የፈጣሪን ሥራ ከምናየው አብልጦ ማሰብ እሱን ማክበር እንጂ መካድ አይደለም የሚል መልስ አስቀድሞ አዘጋጀ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የገረመን ግን የአነጋገሩ ልክ ነው። የሚለካውን ይለካል፣ የሚገመተውን ግምት ነው ይላል። ጨረቃችን ውሃና አየር ያላት አይመስለኝም ብሎ የሕይወትን ተስፋ ከእሷ ቀነሰ። ሲርየስ የተባለውን ደማቅ ኮከብ በጠባብ ቀዳዳ ከሚገባ የፀሐይ ብርሃን ጋር አመዛዝኖ፣ ከፀሐይ 27,664 ጊዜ ይርቃል አለ። እውነተኛው ርቀት ከዚያ 20 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ከሳተበት ምክንያት አንዱ ኮከቡ የፀሐይን ያህል ብቻ ያበራል ብሎ መነሣቱ ነው። ሆኖም እንዴት እንዳሰበው ደረጃ በደረጃ ስለ ጻፈ፣ ከኋላ የመጡት ስሕተቱ የት ላይ እንደ ሆነ ሊያዩለት ችለዋል።

የሚያስቅም አለበት። ጁፒተርና ሳተርን ብዙ ጨረቃ ስላላቸው ለመርከበኛ ይመቻሉ፤ መርከብ ካለ ሸራ አለ፣ ሸራ ካለ ገመድ አለ፣ እንግዲያው የገመድ ቃጫም ሳይበቅል አይቀርም ወደ ማለት ደርሷል። የሆላንድ ሰው አይደል፣ ሰማይ ሲወጣም መርከቡን ይዞ ነው! ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ድንቅ ሐሳብ አለ። የእኛ ውሃ ወደዚያ ቢወሰድ ከፀሐይ ርቀት የተነሣ ወዲያው ይረጋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፕላኔት ለራሱ ብርድና ሙቀት የሚስማማ የራሱ ፈሳሽ ሊኖረው ይገባል አለ።

አደራው

መጽሐፉ ለማተሚያ ሲዘጋጅ ሃይገንስ ታመመ። ጭንቀቱም ሕመሙም ጸናበት። በኑዛዜው መጽሐፉን ኮንስታንታይን እንዲያሳትምለት፣ የቀሩት ወረቀቶቹ ለላይደን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጡ፣ ከሒሳብ ጽሑፎቹም የሚጠቅመውን ሁለት ሊቃውንት መርጠው እንዲያወጡ አዘዘ። ጁላይ 8 ቀን 1695 በ66 ዓመቱ በሄግ ዐረፈ፤ በከተማው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አባቱ ባረፈበት ተቀበረ።

ወንድሙ አደራውን አልዘነጋም፤ ግን የንጉሥ ጸሐፊ ጊዜ ከየት ይመጣል? ሥራውን ለመጀመር እንኳ አንድ ዓመት አለፈ። ማተሚያ ቤቱም አዘገየ። በመካከሉ በ1697 ኮንስታንታይን ራሱ ሞተ። መጽሐፉ የሙት ልጅ ሆነ። ደግነቱ ጽሑፉ ከሣጥን ወጥቶ ከአታሚው እጅ ገብቶ ነበርና በ1698 በሄግ ታተመ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝኛ፣ በ1699 በሆላንድ ቋንቋ፣ በ1702 በፈረንሳይኛ፣ በ1703 በጀርመንኛ ወጣ።

በሩሲያ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ታላቁ ጴጥሮስ መጽሐፉ ወደ ሩስኛ እንዲመለስ አዘዘና ያኮብ ብሩስ የተባለ ሹሙ ተረጐመው። በ1717 የፒተርስበርግ ማተሚያ ቤት ኃላፊ የነበረው አቭራሞቭ 1,200 ቅጂ እንዲያትም ታዘዘ። እሱ ግን ጽሑፉን የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ ስለ ፈራ 30 ብቻ አትሞ ነገሩን ሸፋፈነው። በ1724 ሞስኮ ላይ እንደገና ታተመ። ንጉሥ አዞ፣ ሹም ተርጕሞ፣ አንድ የማተሚያ ቤት ኃላፊ ማስቀረት ይችል እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን። ደግሞም ለዘለቄታው አላስቀረውም።

ከዚያ ወዲህ

ዛሬ ከምድር ውጭ ሕይወትን መፈለግ የታወቀ የትምህርት ክፍል ሆኗል። ኢካሩስ የተባለው የፕላኔቶች ጥናት መጽሔት በ1962 ተመሠረተ፤ በ2001 ደግሞ አስትሮባዮሎጂ የተባለው ለዚሁ ጥናት ተለይቶ ወጣ። አንድ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ሌሎች ዐዋቂዎች መርምረው፣ ይህ ተረጋግጧል፣ ይህ ግምት ነው ብለው ይለዩታል። ሃይገንስ ብቻውን በራሱ ላይ ይሠራ የነበረውን ምርመራ ዛሬ ጉባኤ ይሠራዋል ማለት ነው። ሕይወት ግን እስካሁን ከምድር ውጭ አልተገኘም።

ታይታንን አስታወሳችሁ? ጃንዋሪ 14 ቀን 2005 በሃይገንስ ስም የተሰየመች የአውሮፓውያን መንኵራኩር ከ7 ዓመት ጉዞ በኋላ በጃንጥላ ወርዳ ታይታን ላይ ዐረፈች። ብርዱ ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ነበር። እዚያ ውሃ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ መሬቱን እንደ ወንዝ የቦረቦረው ሜቴን የተባለው፣ በእኛ ዘንድ ጋዝ የሆነው፣ እዚያ ግን በብርዱ የተነሣ ፈሳሽ የሆነው ነገር ነው። መርከብም ቃጫም አልነበረም፤ የራሱ ፈሳሽ ያለው ዓለም ግን ነበረ። ወንድማማቾቹ በሠሩት መስተዋት የታየችው ነጥብ የሙት አደራ ከተባለው መጽሐፍ ጋር ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ተገናኘች።

ለላይደን የተናዘዛቸው ወረቀቶችስ? የሆላንድ ሊቃውንት ከ1888 እስከ 1950 ባለው ጊዜ ደብዳቤውንም ጽሑፉንም ሰብስበው በ22 ጥራዝ አሳተሙት። ያ ስለ ሙታን ቍጥር ከሎደዋይክ ጋር የተጻጻፈው ደብዳቤ ከዚሁ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ሥራውን ከጀመሩት ብዙዎቹ ፍጻሜውን አላዩም፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየተካ ነው ያደረሱት። ሃይገንስ ለአንድ ወንድሙ ብቻ ተናዞ ቢሆን ኖሮ ወንድሙ ሲሞት ነገሩ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር ማሰብ ነው። እሱ ግን ለወንድሙ፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለሁለት ወዳጆችም አካፈለው።

እኛ የሃይገንስን ያህል የምናወርሰው ነገር የለንም ይሆናል። የሰፈር ታሪክ፣ የዘር ሐረግ፣ የመሬት ውል፣ የድሮ ዕድር መዝገብ ያለው አባል ግን በመካከላችን አለ። ያለው ሰው የት እንዳስቀመጠው ለሁለት ሰው ይንገር፤ ለአንድ ሰው ብቻ መንገር እንደማይበቃ ከዚህ ታሪክ ተምረናል። የዕድራችን ጸሐፊም ሊመዘግብለት ፈቃደኛ ነው። ሥጋን መቅበር የዕድር ግዴታ ነው፤ ሰው ያሰበውንና የጻፈውን አብሮ እንዳይቀበር ማድረግ ግን የሁላችንም ነው።

የእኚያን አዛውንት አባላችንን፣ በዚህ ዓመት የተለዩንንም ሁሉ ነፍስ ይማር። ለቀሪዎቻችን ጤናውን ይስጠን።